«እማዬን ወደ ቤት ብመልሳት ገደልኳት ማለት ነው?»

ባለፈው ሳምንት የስኳር ሕመም ያለባቸው አባቶችና እናቶች እግራቸውን እንዴት መጠበቅ እንዳለባቸው ተጨዋውተን ነበር። የዚያን ቀጣይ ክፍል ለሌላ ጊዜ አቆይቼዋለሁ። በዚህ ሳምንት አንዲት ጎረቤቴ ማታ በሬን አንኳኩታ የጠየቀችኝ ጥያቄ ሌላ ነገር ለመጻፍ አላስቻለኝም።

እርሷን ላለማጋለጥ አንዳንዱን ነገር ቀይሬዋለሁ፤ ጉዳዩ ግን የብዙ ቤት ጉዳይ ነው። እናቷ ሰማንያን አልፈዋል። ሕመማቸው የጉበት ካንሰር ነው። ሐኪሞቹ ምርመራውን ሁሉ ጨርሰው፣ ቀዶ ሕክምናውንም ኬሞውንም ሰውነታቸው እንደማይችለው አስረድተው፣ «ቤት ወስዳችሁ አስታሟቸው» ብለዋል። አሜሪካ ያለው ወንድሟ በስልክ «ምን ማለት ነው? ሕንድ ትሂድ፤ ገንዘብ እልካለሁ፤ ካልበቃም ቤቱ ይሸጥ» ይላል። ታናሽ እህቷ ደግሞ «ሆስፒታል ተኝታ ግሉኮስ ካላገኘች በረሃብ ነው የምትሞተው» እያለች ታለቅሳለች። «እርሳቸው ራሳቸውስ ምን ይላሉ?» ብዬ ጠየቅኳት። ዝም አለች። ለካ የነገራቸው ሰው የለም። «ጨጓራ ነው» ተብለዋል።

ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «ሲስተር፣ እማዬን ወደ ቤት ብመልሳት ገደልኳት ማለት ነው? እርስዎ ካቶሊክ ነዎት። የእናንተ ቤተ ክርስቲያን በሕይወት ጉዳይ አትደራደርም ሲባል እሰማለሁ። በማሽንም ቢሆን እስከ መጨረሻዋ ትንፋሽ መቀጠል አለበት ነው አይደል የምትለው?»

አይደለም። ይህን ደግሞ የማያውቁት ሌሎች ብቻ አይደሉም፤ ብዙ ካቶሊኮችም አናውቀውም። እኔም ነርስ ሆኜ ስንት ዓመት ከሠራሁ በኋላ ነው በደንብ የተረዳሁት። ስለዚህ ዛሬ ቤተ ክርስቲያኔ በዚህ ጉዳይ የምታስተምረውን፣ በሥራ ዘመኔ ካየሁት ጋር አዛምጄ ላካፍላችሁ። አብዛኞቻችሁ የሌላ እምነት ተከታዮች እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ነገሩ ግን በሁላችንም ቤት የሚመጣ ስለሆነ ትታገሡኛላችሁ።

ትምህርቱ ሁለት እግር አለው። አንደኛው፣ ሰውን መግደል አይፈቀድም። በመርፌም ይሁን በመድኃኒት፣ ወይም እንዲሞት ታስቦ የሚገባውን እንክብካቤ በመንፈግ፣ «ከሥቃይ ላሳርፈው» በሚል ርኅራኄም ቢሆን አይፈቀድም። ሁለተኛው፣ ሞትን ባለን ኃይል ሁሉ እየገፉ ማዘግየትም ግዴታ አይደለም። ሰዎች የመጀመሪያውን ይሰሙና ሁለተኛውን ይዘነጉታል። በአንድ እግር መቆም ደግሞ ያደክማል።

ይህ ሁለተኛው እግር የዘመኑ ፈሊጥ እንዳይመስላችሁ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በስፔን ሳላማንካ ከተማ ፍራንቸስኮ ዴ ቪቶሪያ የሚባሉ የዶሚኒካን መነኩሴ ያስተምሩ ነበር። የያኔው ሕክምና ዛሬ እንደምናውቀው አልነበረም፤ ማሽን የለ፣ ግሉኮስ የለ። ጥያቄው ስለ ምግብ ነበር፤ ሕመምተኛ መብላት ካቃተው ኃጢአት ይሆንበታል ወይ? የእርሳቸው መልስ፣ ብርቱ ጭንቅ ካልሆነበት በቀር ለመብላት የማይችል ሰው ባይበላ አይበደልም የሚል ነበር። እንዲያውም ሐኪም ዶሮ ብትበላ ዕድሜህ ይረዝማል ቢለው፣ ሰው እንደ አቅሙ የሚበላውን የተለመደ ምግብ እንጂ ውዱን የመብላት ግዴታ የለበትም ብለዋል። ይህን ሳነብ ሳቅ መጣብኝ። በእኛ አገር በስንቱ ታማሚ አፍ ነው የዶሮ መረቅ በግድ የተንቆረቆረው!

ዘመናዊው ጥያቄ የመጣው የመተንፈሻ ማሽን ሲመጣ ነው። ብሩኖ ሃይድ የተባሉ በኦስትሪያ ኢንስብሩክ የሚሠሩ የማደንዘዣ ሐኪም ጥያቄያቸውን ለርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ አቀረቡ። ተስፋ በሌለው ሕመምተኛ ላይ ሳይቀር ማሽኑን የመግጠም ግዴታ አለብን ወይ? ከገጠምነው በኋላስ መንቀል ይፈቀድልናል ወይ? ጳጳሱ እ.ኤ.አ. ኅዳር 24 ቀን 1957 ለተሰበሰቡ ሐኪሞች መለሱ። ሰው ሕይወቱንና ጤናውን የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ነገር ግን ግዴታው በተለመደው መንገድ መታከም ነው፤ በራስ ወይም በሌላ ሰው ላይ ከባድ ሸክም የሚጭነው አይደለም አሉ። የተለመደ የሚባለውም እንደ ሰው፣ እንደ ቦታው፣ እንደ ዘመኑ ይለያያል አሉ። ማሽኑንም ማቆም የሚፈቀድበት ሁኔታ እንዳለ ተናገሩ።

ቫቲካን እ.ኤ.አ. በ1980 ስለዚሁ ባወጣችው መግለጫ ደግሞ «የተመጣጠነ» እና «ያልተመጣጠነ» ሕክምና የሚለውን አነጋገር አብራራች። ሐሳቡ በኋላ በካቶሊክ ትምህርተ ክርስቶስ ቁጥር 2278 ላይ ሰፍሯል። ከባድ፣ አደገኛ፣ ያልተለመደ ወይም ከሚጠበቀው ውጤት ጋር የማይመጣጠን ሕክምናን ማቆም ትክክል ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲደረግ ሞትን መፈለግ ሳይሆን ሞትን ማስቀረት እንደማይቻል መቀበል ነው። ውሳኔውም በቅድሚያ የሕመምተኛው ራሱ ነው። እርሱ መወሰን የማይችል ከሆነ ነው የሚመለከታቸው ሰዎች ወደ መሀል የሚገቡት፤ እነርሱም የራሳቸውን ምኞት ሳይሆን የእርሱን ፈቃድና ጥቅም ይዘው።

ታዲያ መመጣጠኑ በምን ይለካል? እኔ ለጎረቤቴ በአራት ጥያቄ አስቀመጥኩላት። ይህ ሕክምና በእውነት ምን ይጠቅማታል? ምን ያህል ያሠቃያታል? ቤተሰቡ ላይ የሚጥለው ሸክም ምን ያህል ነው? እርሷ ራሷስ ምን ትፈልጋለች?

ሕንድ መሄዱን በዚህ እንመዝነው። ሐኪሞቹ ጉበቱ አልቋል፣ ሰውነቱ ኬሞ አይችልም ካሉ፣ ያው ጉበት ነው አውሮፕላን የሚሳፈረው። በእርግጥ ሌላ ሐኪም መጠየቅ ጥሩ ነው፤ ውጤቱንና ፊልሙን ሌላ ስፔሻሊስት ቢያየው ማንም አይቀየምም። ሁለተኛውም ሐኪም ያንኑ ካለ ግን፣ ለተጠማዘዘ ሆድ ያን ያህል ሰዓት በረራ፣ በማያውቁት ቋንቋ፣ ልጅ ልጆቻቸው በሌሉበት ክፍል መተኛት፣ ኋላም አስከሬን የማስመጣት ጣጣ ነው። ቤቱ ቢሸጥ ደግሞ የታናሽ እህቷ ልጆች የት ይገባሉ? ገንዘብን ማሰብ ነውር የሚመስላቸው አሉ። የ1980ው መግለጫ ግን ሕመምተኛው በቤተሰቡ ላይ ከባድ ወጪ ላለመጫን ብሎ እንዲህ ያለውን ሕክምና ቢተው ራስን እንደማጥፋት እንደማይቆጠር በግልጽ ይናገራል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ እባካችሁ በጥሞና አንብቡልኝ። ይህ ትምህርት አረጋውያንን ለመጣል ሰበብ አይሆንም። ዕድሜ ሚዛን አይደለም። በሥራ ዘመኔ «አርጅተዋል፣ ምን ያደርግላቸዋል» ተብለው በአንቲባዮቲክ በሳምንት የሚድን የሳንባ ምች ይዟቸው ቤት የተኙ እናት አይቻለሁ። ዘጠና ዓመት ቢሆናቸውም ሊድኑ የሚችሉበትን ቀላል ሕክምና መከልከል መተው ሳይሆን መበደል ነው። የምንመዝነው ሕክምናውን ነው። ሰውየውን የምንመዝንበት ሚዛን የለንም።

ሁለት ጳጳሳትን ልጥቀስላችሁ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ2005 መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ገቡ፤ ለመተንፈስ ጉሮሯቸው ተበስቶ ቱቦ ገባላቸው። ይህን ሁሉ ተቀበሉ። በመጋቢት መጨረሻ ላይ ብርቱ ኢንፌክሽን ሲይዛቸው ግን ወደ ሆስፒታል አልተመለሱም። በቤታቸው፣ በአልጋቸው፣ ሰዎቻቸው እየጸለዩ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2 ቀን በ84 ዓመታቸው ዐረፉ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 በሳንባ ምች ሆስፒታል ሲገቡ 88 ዓመታቸው ነበር። ሐኪማቸው ኋላ በይፋ እንደተናገሩት፣ አንድ ቀን ትንፋሻቸው እጅግ ሲከብድ «እንቀጥል ወይስ እንተዋቸው?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ያኔ ለረጅም ጊዜ የሚያስታምማቸው ነርስ ሁሉንም ሞክሩ፣ ተስፋ አትቁረጡ አለ። ተሻላቸው፤ ከ38 ቀን በኋላ ቤታቸው ተመለሱ፤ ትንሣኤን አክብረው ሕዝቡን ባርከው በማግሥቱ ዐረፉ። አንዱ ተዉ፣ ሌላው ተሞከረላቸው። ሁለቱም ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ሁለቱም የተመዘኑ ነበሩ።

አሁን ወደ ሥቃዩ እንምጣ፤ በእኛ አገር ትልቁ በደል ያለው እዚህ ላይ ነው። «ሞርፊን ከተጀመረማ አለቀላት ማለት ነው»፣ «ሱስ ያስይዛል»፣ «ልብን ያቆማል» ይባላል። ሃይማኖተኛ ነን የምንለው ደግሞ «ሥቃይ ከእግዚአብሔር ነው፣ ይቀበሉት» እንላለን፤ የምንለው ግን የሌላውን ሰው ሥቃይ ነው። ፒዮስ 12ኛ በዚያው በ1957 የካቲት ላይ ይህንን ተጠይቀው ነበር። ሥቃይን ለማስታገስ ሌላ መንገድ ከሌለ፣ መድኃኒቱ ዕድሜን ሊያሳጥር ቢችል እንኳ፣ የታሰበው ሥቃዩን መቀነስ እስከሆነ ድረስ ይፈቀዳል ብለው መለሱ። ያከሉት አንድ ነገር አለ። ሕመምተኛው ከቤተሰቡና ከፈጣሪው ጋር የሚጨርሰው ነገር ስላለ፣ ያለ ከባድ ምክንያት ራሱን እንዲስት አይደረግ አሉ።

የሕክምናውን ልንገራችሁ። ሐኪም ባዘዘው መጠን፣ ከትንሽ ተጀምሮ በጥንቃቄ እየተጨመረ የሚሰጥ ሞርፊን የካንሰር ሕመምተኛን አይገድልም። በአፍ የሚወሰደው ፈሳሽ ብዙውን ጊዜ በየአራት ሰዓቱ ነው የሚሰጠው፤ ሕመሙ ተመልሶ እስኪያስጮህ አይጠበቅም። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት እንቅልፍ እንቅልፍ ይላቸዋል፤ ማቅለሽለሽም ሊኖር ይችላል፤ ይለምዱታል። የማይለቀው የሆድ ድርቀት ስለሆነ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ እንዲታዘዝላቸው ጠይቁ። ሱስ ነው ብላችሁ ለምትፈሩት፣ ሊሞት የደረሰ ሰው ሥቃዩ ሲቀንስለት ልጁን በስሙ ይጠራል፣ ይቀልዳል፣ ይጸልያል። የሱሰኛ ጠባይ ይህ አይደለም። መድኃኒቱን ግን ልጆች ከማይደርሱበት ቆልፉት፤ ለሌላ ሰው አትስጡ፤ በራሳችሁ አትጨምሩ።

ይህ የሀብታም አገር ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዛዊቷ ሲስሊ ሳንደርስ መጀመሪያ ነርስ፣ ኋላም ሐኪም ነበሩ። ለንደን ውስጥ በካቶሊክ መነኮሳት በሚመራ የቅዱስ ዮሴፍ ሆስፒስ ሠርተው፣ እ.ኤ.አ. በ1967 የራሳቸውን የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስ ከፈቱ። ወደ እኛ ስንቀርብ፣ ካቶሊኳ ሐኪም አን ሜሪማን እ.ኤ.አ. በ1993 ኡጋንዳ ውስጥ ሆስፒስ ጀመሩ። የሞርፊን ዱቄት በውኃ እየተበጠበጠ በርካሽ ለየቤቱ እንዲደርስ አደረጉ። ኡጋንዳ ኋላም እ.ኤ.አ. በ2004 ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዝዙ ፈቀደች። ነርስ ስለሆንኩ ይህን ሳስብ እቀናለሁ፤ ምክንያቱም ሌሊት በሩ የሚንኳኳው የነርስ ነው። በእኛም አገር ይህን ሙያ የሚያውቁ ሐኪሞችና ነርሶች አሉ። ሆስፒታል ወደ ቤት ሲልካችሁ «እሺ» ብላችሁ አትውጡ። «የሕመም ማስታገሻውን ማን ያዝልናል? ሲብስባት ለማን እንደውል?» ብላችሁ ጠይቁ። «ቤት አስታሟት» ማለት «አይመለከተንም» ማለት መሆን የለበትም።

ቀጥሎ ምግብ። ታናሽ እህትየዋ የፈራችው ይህንን ነው። ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ2004 ምግብና ውኃ፣ በቱቦም ቢሆን፣ በመርህ ደረጃ መቅረት የሌለበት ተራ እንክብካቤ ነው ብለው አስተምረዋል። አንድ ሰው ራሱን ስቶ ለዓመታት ቢተኛ እንኳ እንዲሞት ተብሎ ምግብ አይከለከልም። ይህ ግዴታ ግን ምግቡ እስከመገበ፣ ውኃው እስካረካ ድረስ ነው። ሰውነት በመጨረሻዎቹ ቀናት ምግብ መቀበል ያቆማል። ሰውየው ስላልበላ አይደለም የሚሞተው፤ ሊሞት ስለሆነ ነው የማይበላው። ያኔ በግድ ማጉረስ ትን ያስብላል፤ ብዙ ግሉኮስም እግርና ሳንባ ላይ ውኃ ያጠራቅማል። የሚያስፈልገው ከንፈርን በርጥብ ጨርቅ ማራስ፣ ሲጠይቁ በማንኪያ ጠብታ መስጠት ነው።

ይህን ያወቅኩት አጥፍቼ ነው። አባቴ በጨጓራ ካንሰር ሲታመሙ የቤተሰቡ ነርስ እኔ ነበርኩ፤ የምለውን ሁሉም ይሰማል። ሐኪሙ «ከዚህ በኋላ እንዳይሠቃዩ ብናደርግ ይሻላል» ሲለኝ ተቆጣሁት። በአፍንጫቸው ቱቦ እንዲገባ ያደረግሁት እኔ ነኝ። አባባ ነቀሉት። መልሰን አስገባን፤ ደግመው ነቀሉት። በሦስተኛው ቀን እጃቸውን በፋሻ ከአልጋው ብረት ጋር አሰርኩት። በገዛ እጄ ነው ያሰርኩት። «ልጄ፣ ፍቺኝ» አሉኝ። «ለጤናህ ነው አባባ» አልኳቸው። ሌሊቱን ሁለት ጊዜ «ፍቺኝ» አሉ። ጎህ ሲቀድ ዐረፉ፤ እጃቸው እንደታሰረ።

ለቄሱ በኑዛዜ ነገርኳቸው። «አባ፣ ይፍቱኝ» ብዬ ስጀምር ቃሉ አነቀኝ። እርሳቸውም ጥቂት ዝም አሉና፣ የወደድሽውን ለመልቀቅ ስላልቻልሽ ነው፤ አሁን ግን ሌሎቹን በጊዜ መፍታት ተማሪ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ባሉት የሥራ ዓመታቴ የሕመምተኛ እጅ ከማሰሬ በፊት ሁልጊዜ የማደርገው አንድ ነገር ነበር፤ ጠጋ ብዬ «ምን ይፈልጋሉ?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ይህ ደግሞ ወደ መጨረሻው ነገር ያመጣኛል፤ እውነቱን ስለ መንገር። እኛ ኢትዮጵያውያን የሞትን ዜና ስንናገር እንዴት እንደምንጠነቀቅ ታውቃላችሁ። መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፤ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ውኃ ተዘጋጅቶ። ለቆመው ሰው ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች ለሚሄደው ሰው አንድ ቃል አንተነፍስም። «ጨጓራ ነው» እንላለን። እርሱም እንደማያውቅ ይሆናል፣ እኛም እንደማያውቅ እንሆናለን፤ ሳንሰነባበት እንለያያለን። ቤተ ክርስቲያኔ ሕመምተኛው ሁኔታውን እንዲያውቅ የምትፈልገው ልታስጨንቀው አይደለም። ንስሐ የሚገባበት፣ የሚታረቅበት፣ የሚናዘዝበት ጊዜ እንዳይቀማ ነው። ምስጢረ ቀንዲልም ለመጨረሻዋ ደቂቃ ብቻ የተቀመጠ አይደለም፤ በጽኑ ሕመም ጊዜ፣ ልቡናው ሳለ፣ «አሜን» ማለት ሲችል ቢሆን ይመረጣል። ብዙዎቻችን ግን «ቄስ ካዩ ይደነግጣሉ» እያልን እናዘገይና ቄሱ ሲደርስ ጆሮም ምላስም አይኖርም። የኦርቶዶክስ ቤተሰቦችም የንስሐ አባቱን በመጥራት በኩል ተመሳሳይ ነገር ስታደርጉ አይቻለሁ።

አነጋገር ግን አለው። «ካንሰር ነው፣ ይሞታሉ» ብሎ መወርወር ጭካኔ ነው። በጥያቄ ነው የሚጀመረው። «እማዬ፣ ሕመምሽን እንዴት ታዪዋለሽ? ሐኪሙ ያለውን ልንገርሽ ወይስ ይቆይሽ?» ይባላል። የፈለጉትን ያህል ብቻ ይነገራቸዋል። ከፈለጉ ይጠይቃሉ፤ ካልፈለጉ «ተዉት» ይላሉ። ያም የእነርሱ መብት ነው።

አሁን በአንዳንድ አገሮች፣ ለምሳሌ በኔዘርላንድስና በቤልጂየም ከ2002 ጀምሮ፣ ሐኪም በሕመምተኛው ጥያቄ ሕይወቱን እንዲያሳልፍ ሕግ ይፈቅዳል። በውጭ አገር ያሉ ልጆቻችሁ በዚህ እየተከራከሩ ያድጋሉ፤ ስለዚህ ጥያቄው ወደ እናንተም ይመጣል። ቤተ ክርስቲያኔ እ.ኤ.አ. በ2020 በደጉ ሳምራዊ ስም ባወጣችው ደብዳቤ ይህን አጥብቃ ተቃውማለች። እኔ ከአልጋ ዳር ያየሁትን ልጨምር። «ግደሉኝ» ካሉኝ ሕመምተኞች ብዙዎቹ ሥቃያቸው ሲታገሥና አጠገባቸው ሰው ሲቀመጥ አልደገሙትም። አንድ አባት እንደውም «ሸክም ሆንኩባቸው» አሉኝ። ልጃቸውን ጠርቼ ይህንኑ በፊታቸው እንዲሰማ አደረግሁ። ልጁ አንድ ቃል ሳይናገር እግራቸውን ማሸት ጀመረ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ መሞት አላነሡም።

ማስታመም ግን ብቻውን የሚቻል አይደለም። ዘወትር የምትደክመው አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ ያላገባችው ወይም ሥራ የሌላት ትባላለች፤ ሌሎቹ በስልክ ያዝዛሉ። በኤች.አይ.ቪ. ዘመን አንዳንድ እድሮች ከቀብር አልፈው የታመሙ አባሎቻቸውን ቤት ድረስ መጠየቅና መርዳት ጀምረው ነበር። ያ መልካም ልማድ ለምን ተመልሶ አይመጣም? ድንኳን የሚተክሉ እጆች አልጋ ላይ የተኛን ሰው በየሁለት ሰዓቱ ቢያገላብጡት የጀርባ ቁስል አይወጣበትም። ለሠልስት የምናወጣው እህል ጥቂቱ አስታማሚዋን ቢመግብ ለሟችም ጽድቅ ነው።

ወደ ጎረቤቴ ልመለስና ልጨርስ። በማግሥቱ ቤታቸው ሄድኩ። ወንድምየውን በስልክ አገኘነው፤ ተቆጣ፣ ኋላ አለቀሰ። «ምንም ሳላደርግላት ልትሞትብኝ ነው» አለ። የሕንዱ ገንዘብ ያኔ ገባኝ፤ ርቆ የኖረ ልጅ ዕዳውን የሚከፍልበት መንገድ ነበር። «ልታደርግላት የምትፈልገውን እርሷን እንጠይቃት» አልኩት። እናትየው ዘንድ ገባን። ልጅቷ አጠገባቸው ተቀምጣ እጃቸውን ይዛ፣ በተመካከርነው መሠረት ቀስ ብላ ጠየቀቻቸው። እማማ ፈገግ አሉ። «የገዛ ሆዴን እኔ አላውቀውም? እናንተ እንዳትደነግጡ ብዬ ነው እንጂ ዝም ያልኩት» አሉ። ሕንድ ይሄዱ እንደሆነ ስንጠይቃቸው «ለማን ብዬ? እርሱ ይምጣልኝ እንጂ» አሉ።

የጉዞው ገንዘብ ተቀይሮ ለልጁ ትኬት ሆነ። የሕመም ማስታገሻው ታዞላቸዋል። የንስሐ አባታቸውም መጥተው ነበር። ልጃቸው በመጪው ሳምንት ይገባል፤ እግዚአብሔር ካለ ይደርስባቸዋል። ካልደረሰም በየማታው በስልክ ፊት ለፊት እያዩት ያወራሉ፤ ትናንት ማታ ድምፃቸው እኔ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር፤ እየሳቁ።

ለጎረቤቴ የሰጠኋት መልስ አጭር ነበር። «አይ ልጄ፣ አልገደልሻትም። ወደ ቤት መለስሻት እንጂ።»

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ስኳር ሕመምተኞች እግር እንመለሳለን። እስከዚያው በቤታችሁ የተኛ ሰው ካለ ዛሬ ማታ ጠጋ ብላችሁ «ምን ትፈልጋለህ? ምን ትፈልጊያለሽ?» በሏቸው። ቸር ይግጠመን።